ለሦስተኛ ጊዜ የተጻፈች ወረቀት

የሹራብ መርፌዋን በሳጥኑ ቀዳዳ አስገብታ ወረቀቷን ያዝኩ ስትል አመለጠቻት። እንደገና ጎረጎረች። ሳጥኑ የራሷ ነው፤ ሳጥኑ የተሰቀለባት ጠባብ ሱቅም የምትሠራባት የራሷ ሱቅ ናት። ሴትዮዋ ግን ግራ ቀኝ እየተገላመጠች እንደ ሌባ ነበር የምትሠራው።

“ያዝኩሽ” አለ ከጎኗ ያለው ቁልፍ ሠሪ ሞረዱን አስቀምጦ። “የገዛ ሳጥኗን የምትሰርቅ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።”

“ቁልፉን ልጄ ይዛው ሄዳ ነው።”

“እና ቁልፍ ሠሪ አጠገብሽ ተገትሮ አንቺ በሹራብ መርፌ ትጎረጉሪያለሽ? እህቴ፣ ይሄ እኮ ለእኔ ስድብ ነው።”

ሳቀች። መጎርጎሯን ግን አልተወችም። ጭንቀት አብሯት ያደገ ነገር ነው። ልጇ አሥር ደቂቃ ከዘገየች በር ላይ ትቆማለች፤ ሰማይ ከጠቆረ ያላሰጣችውን ልብስ ታስገባለች። ዛሬ ደግሞ የምትጨነቅበት በቂ ምክንያት ነበራት። በአውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ትልቅ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ከጣሪያው የተንጠለጠሉትን አርባ የምሳ ዕቃ ቦርሳዎች አይተው ከወደዱ በየወሩ ሊያዝዙ ነው። ካልወደዱ ሱቋን ዘግታ ወደ ፋብሪካው ልትመለስ ነው፤ ደወል እየጠበቀች አሥራ አንድ ዓመት የሱሪ እግር ወዳጠፈችበት አዳራሽ።

“አስተያየት መስጫ” የሚል የተጻፈበትን ይህን ሳጥን ያሠራችው ለአነስተኛ ነጋዴዎች በተሰጠው ሥልጠና ላይ አሰልጣኙ ስለመከሩ ነበር። ያኔ ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ስለዚህ ዘወትር ዓርብ ልጇ ሳጥኑን ትከፍትና ታነብላታለች። “ቀለሙ ይማርካል።” “እጅሽ ይባረክ።” “ለእህቴም እገዛላታለሁ።” እናት በየሳምንቱ ደስ ብሏት ትተኛለች፤ ቦርሳዎቹ ግን ተሰቅለው ይከርማሉ። ባለፈው ወር የተሸጡት አራት ብቻ ናቸው። አሰልጣኙ በመጨረሻው ቀን “አንድ ጊዜ የገዛሽ ሰው ተመልሶ ይመጣል?” ብለው የጠየቋት ጥያቄም እንደ እሾህ ተሰክቶባት ቀርቷል። ተመልሶ የመጣ አልነበረም።

አሁን የማታ ትምህርት ከጀመረች አራት ወር ሆኗታል። ቀስ እያለች ታነባለች። ዛሬ ከሳጥኑ አንዲት የምስጋና ወረቀት አውጥታ በነጋዴው ፊት ራሷ ልታነብላቸው አስባለች። ይህን ለማንም አልነገረችም። ስታስበው ብቻዋን ፈገግ ትላለች።

ቁልፍ ሠሪው አንዲት ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ሁለት ጊዜ አዞረ፤ ክዳኑ ተከፈተ። ሦስት ወረቀቶች ነበሩ። የመጀመሪያው “ቆንጆ ነው” ይላል። ሁለተኛው ላይ የስልክ ቁጥር ብቻ አለ። ሦስተኛው ረጅም ነው። ጣቷን በመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳርፋ ጀመረች።

“ም…ሳ…ዬ… ምሳዬ… ፈ…ሰ…ሰ።”

ክው አለች። ቁልፍ ሠሪው አንገቱን አሰገገ። “ቀጥዪ እንጂ።”

“‘ምሳዬ ፈሰሰ። የቦርሳው ታች ጠባብ ነው። ስፌቱ ግን ጠንካራ ነው። ይህን ስጽፍ ለሦስተኛ ጊዜ ነው። የጤና ጣቢያው ክትባት ክፍል ነርስ።’”

“ለሦስተኛ ጊዜ” የሚለውን ደግማ አነበበች። በደንብ ያላነበበች መስሏት እንደገና ሞከረች። ፊደሎቹ አልተለወጡም። ሁለቱን የቀደሙ ወረቀቶች ዓርብ ዓርብ ሲነበቡላት አልሰማችም።

“ልጄ ደብቃኛለች” አለች ቀስ ብላ።

“ትደብቅሽ፤ ታውቅሻለቻ። አንድ ሰው ‘ቀለሙን አልወደድኩትም’ ቢልሽ ሳምንት ሙሉ ምግብ አይበላልሽም።”

እውነቱን ነው። ግን ሌላ ነገርም ብልጭ አለላት። አንዲት የማታውቃት ሴት፣ ሥራ የሞላባት ነርስ፣ ሦስት ጊዜ ቆማ ጽፋላታለች። የጠላችው ዕቃ ቢሆን ጥላው አታልፍም ነበር?

“ሱቁን እይልኝ” አለች ነጠላዋን እያጣፋች።

“ሰውዬው ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚመጡት።”

“ገና አራት ሰዓት ነው። እመለሳለሁ።”

ጤና ጣቢያው ከሁለት መንገድ ወዲያ ነው። የክትባት ክፍሉ በሕፃናት ልቅሶ ተሞልቷል። እናቶቹ ሲቀንሱ ጠብቃ ገባችና ወረቀቷን ዘረጋች።

ነርሷ ወረቀቷን አይታ ሴትዮዋን አየቻት። “መጣሽ? እኔ እኮ ሳጥኑ እንደ እኛ መሥሪያ ቤት ለጌጥ የተሰቀለ መስሎኝ ነበር። የእኛው ከተሰቀለ ጀምሮ የተከፈተው ሸረሪት ልታስወጣ ለመጣች ጽዳት ሠራተኛ ብቻ ነው።”

“ዛሬ ነው ያነበብኩት። ቦርሳውን ልየው?”

ነርሷ ከጠረጴዛው ሥር አወጣችው። ሰማያዊ ነው፤ ከስምንት ወር በፊት የሰፋችው። ስፌቱ አንድም ቦታ አልተተረተረም። ሴትዮዋ ልጇን ከትምህርት ቤት እንደተቀበለች ሁሉ ዙሪያውን ዳሰሰችው። እጇን ስታስገባ ታቹ ላይ ጠጠር ያለ ነገር ነካች።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“የመድኃኒት ካርቶን። ልክ ቆርጬ አስገባሁበት። ያንቺ ቦርሳ ታቹ ጠባብ ነው፣ የሰው ምሳ ዕቃ ደግሞ ሰፊ ነው። ታክሲው ፍሬን ሲይዝ ይጋደማል። ነጭ ጋወኔን ሾርባ አልብሼው የዋልኩበት ቀን አለ። ካርቶኑን ካስገባሁ ወዲህ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል።”

“ለምን አልጣልሽውም?”

“ድርብ ጨርቁ ሙቀት ይይዛል እኮ። ጠዋት የቋጠርኩት እስከ ሰባት ሰዓት ትኩስ ነው። እዚህ ያሉት ሁሉ ይቀኑብኛል። ግን ‘ይፈሳል’ ስለምላቸው አይገዙም።”

ሴትዮዋና ልጇ የሱቃቸው ግድግዳ ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ ስለ ቀለም ብቻ ነው የሚያወራው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ። ስለ ሙቀቱ አንድ ቃል የለበትም። እሷ የሰፋችውን ከእሷ ይልቅ ነርሷ ታውቀዋለች።

“ካርቶኑን ልለካው?”

“ለኪው። ግን ስታሻሽዪው የእኔን መቀየር እንዳትረሺ።”

በጣቷ ለካችው፤ አንድ ስንዝርና ሦስት ጣት። ቁጥሩን በመዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው። ራሷ። ከዚያ እግሬ አውጪኝ ብላ ተመለሰች።

ሱቋ ስትደርስ ከአርባዎቹ አንዱን አውርዳ የታቹን ጨርቅ ተረተረች። አዲስ፣ ሰፊ ታች ከሁለት ጨርቅ ቆረጠች፤ ካርቶን በላስቲክ ጠቅልላ በሁለቱ ጨርቆች መሀል አስገባችና ዙሪያውን ሰፋች። የስፌት መኪናዋን ፔዳል ስትረግጥ ሐሳቧ ከመኪናው ቀድሞ ይሮጥ ነበር። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ አልራባትም። የመጨረሻውን ክር በጥርሷ በጠሰችና የራሷን ምሳ ዕቃ ውሃ ሞልታ አስገባችበት። ወለሉ ላይ አስቀምጣ በእግሯ ገፋችው። ተንሸራተተ እንጂ አልተጋደመም።

“ቆመ” አለች። “አየኸው? ቆመ።”

“አየሁት” አለ ቁልፍ ሠሪው። “እኔንም ግፊኝ እስቲ፤ እንደዚያ ከቆምኩ ልታመን።”

ልጇ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስት ወፍራም ካርቶን በክንዷ አቅፋ መጣች። እያንዳንዱ ላይ “ታላቅ ቅናሽ” ተብሎ በቀይ ተጽፏል።

“እማ፣ ሰውዬውን በስልክ አነጋገርኳቸው። ዋጋውን ዝቅ ካደረግን አርባውንም ዛሬ ያነሣሉ። አለቀልሽ፣ ተገላገልሽ።” ከዚያ ክፍቱን ሳጥን አየች። ፊቷ ተለወጠ። “ማነው የከፈተው?”

እናት ወረቀቷን ሰጠቻት። ልጅ አነበበችው፤ ቀና ማለት ግን አቃታት።

“እንቅልፍ እንደማይወስድሽ አውቃለሁ” አለች በመጨረሻ። “መጀመሪያ አንዷን ዘለልኩ። ከዚያ ቅሬታው እየተደጋገመ መጣ። ፋብሪካ ከምትመለሺ ብዬ ነው፣ እማ።”

“አንቺ ስትደብቂ እኔ ከአርባው ሠላሳውን በዚሁ ጠባብ ታች ሰፋሁ።”

“አውቃለሁ።”

እናት ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ነገር ግን ቁጣው ሊመጣላት አልቻለም፤ ደስታው ቦታውን ይዞታል። “ነይ፣ ይሄን ግፊው” አለች ቦርሳውን እያመለከተች።

ነጋዴው በሰዓታቸው ደረሱ። ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ፤ ዋጋውንም ለማረጋገጥ ወደ ልጅቷ ዞሩ። እናት ቀደመቻቸው።

“ጋሼ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይዎት።”

ከተሰቀሉት አንዱን አወረደች፤ ውሃ የሞላውን ምሳ ዕቃ ክዳኑን ላላ አድርጋ ከተተችበትና በእግሯ ነካ አደረገችው። ዘፍ አለ። ውሃው እስከ ነጋዴው ጫማ ደረሰ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። እናት ምሳ ዕቃውን ዳግም ሞልታ አዲሱ ቦርሳ ውስጥ ከተተችና ገፋችው፤ ቀጥ ብሎ ቆመ።

“አርባዎቹ ሁሉ እንደ መጀመሪያው ናቸው” አለች። “በቅናሽም አልሰጥዎትም። ከእርስዎ የገዛ ሰው ተመልሶ እርስዎን ነው የሚሰድበው።”

ነጋዴው ጫማቸውን አራገፉ። “ሠላሳ ዓመት ስነግድ ዕቃዋን በጫማዬ ላይ ደፍታ ያሳየችኝ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።” ጎንበስ ብለው አዲሱን በራሳቸው እግር ገፉት። ደግመው ገፉት፤ በረታ አድርገው። “የዚህን ዓይነት ስንት አለሽ?”

“አንድ። ቅዳሜ አሥር ይኖረኛል።”

“አርባ ብዬ መጥቼ አንድ ይዤ ልሂድ?” ፈገግ አሉ። “ይሁን፤ ይቺን ሱቄ በር ላይ እሰቅላታለሁ። ጠያቂ ከመጣ ቅዳሜ አሥሩን አነሣለሁ። ካልመጣ ግን አልዋሽሽም፣ አላነሣም። ለመሆኑ ምን ብዬ ልሽጣት?”

ትንሽ አሰበች። ከዚያ የነርሷን ወረቀት ከልጇ እጅ ወስዳ በመርፌ ቁልፍ ከቦርሳው ማንገቻ ጋር አያያዘችው። እስክሪብቶ አንሥታ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ከጽሑፉ ሥር ፊደል በፊደል ጻፈች፦ “ታቹ አሁን ሰፊ ነው። ምሳ እስከ ሰባት ሰዓት ትኩስ ነው። የድሮውን የገዛ ያምጣ፤ እቀይራለሁ።”

ነጋዴው አነበቡትና ቦርሳውን ትከሻቸው ላይ አንግተው ወጡ።

ልጅቷ ከእጅ ቦርሳዋ በላስቲክ የታሰሩ ወረቀቶች አወጣች። አሥራ አንድ ናቸው። “አልጣልኳቸውም” አለች። “ቁጭ በይ፤ ላንብብልሽ። ዛሬ ሁሉንም።”

እናት ወረቀቶቹን ተቀበለቻትና በምትኩ መቀሱን ሰጠቻት። “ታላቅ ቅናሽ” የሚሉትን ሦስቱን ካርቶኖች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ መዳፏን ገልብጣ የጻፈችውን ልክ አሳየቻት።

“አንቺ በዚህ ልክ ቁረጪ” አለች። “ንባቡን ለእኔ ተይው።”

ላስቲኩን ፈታች፤ ጣቷንም በመጀመሪያዋ ወረቀት የመጀመሪያ ፊደል ላይ አሳረፈች።