ታጥቦ የሚመጣው

ሐኪሙ የልጃችን የልብ ቫልቭ ተበላሽቷል ሲሉን ባለቤቴ ቶሎ ገባው፤ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። «ቫልቭማ ስንቱን ቀይሬያለሁ» አለ። መጀመሪያ ዋናውን ውሃ ዘግቶ እንደሚሠራ ሲነግራቸው ሐኪሙ ሳቁ። እነሱም ልቧን አቁመው ቫልቩን ቀይረው መልሰው እንደሚያስነሱት አስረዱን።

ከአሳማ የሚሠራው ቫልቭ በማደግ ላይ ባለ ልጅ ልብ ውስጥ ቶሎ ይደርቃል አሉ። ለእሷ የሚሻለው ከለጋሽ የተወሰደ፣ ሕዋሱ ሁሉ ታጥቦ የወጣለት ነው። ነጭ ስስ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ሰውነቷም ባዕድ ነው ብሎ ላይጣላው ይችላል። እኔ ከሁሉም የያዝኩት «ታጥቦ» የሚለውን ነው። የሰው ልብስ አጥቤ ነው የምኖረው። ሚጢ፣ ልጃችንን የምንጠራት እንዲያ ነው፣ «የማንም ይሁን፣ ብቻ እማዬ ትጠበው» ብላ አሳቀችን።

ከዚያ በኋላ አልጋዋ ሥር ተንበርክኬ «ቶሎ ይምጣልን» እያልኩ እጸልይ ጀመር። አንድ ቀን ነርሷ ሰምታኝ ወደ ኮሪደሩ ወሰደችኝ። በሚጢ ልክ የሚሆነው ከልጅ ብቻ እንደሚገኝ በቀስታ ነገረችኝ። ለጋሽ ሲሉኝ የሚሰጥ ሰው መስሎኝ ነበር እንጂ የሞተ ልጅ አልመሰለኝም። ከዚያ ወዲያ አፌ ተሳሰረ። ይምጣ እንዳልል የሰው ልጅ፣ አይምጣ እንዳልል የእኔ ልጅ።

መጣ። ግን ታጥቦ ሲመረመር ጀርም ተገኘበትና ተጣለ። ያቺን እናት አላውቃትም። የልጇ ልብ ለማንም ሳይሆን መቅረቱን የነገራት ሰው እንዳይኖር ብቻ ተመኘሁ።

ሌላ ስንጠብቅ የሚጢ እግር አበጠ፤ ተጋድማ መተንፈስም አቃታት። ሐኪሙ ጠሩንና ከእንግዲህ ቢገኝም፣ የአሳማው እንኳ ቢሆን፣ ልቧ ስለደከመ ቀዶ ጥገናውን አትችለውም አሉ። እኔ አፋቸውን አያለሁ እንጂ አልሰማም። ባለቤቴ ግን መሬት መሬት እያየ፣ «ዋናው ዝጓል ማለት ነው» አለ። «ከተዘጋ አይከፈትም።»



ስንመለስ ሚጢ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላለች።

«እማዬ፣ ታጥቦ አላለቀም?»

«ታጥቧል» አልኳት። «እስኪደርቅ ነው።»

ፊቴን አየችኝ፤ ከዚያ የአባቷን።

«ዝናብ እንዳይመታው» አለችና ዓይኗን ከደነች።