ለረምዚያ የሚሆን ፍሬ

ከድሩ ሰበታ ላይ ፍራፍሬ መሸጥ ከጀመረ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። አቮካዶ መብሰሉን በአውራ ጣቱ ነክቶ ያውቃል፤ ጭማቂ ያለውን ብርቱካን በእጁ አንስቶ በክብደቱ ይለያል። የሚስቱ የረምዚያ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ወዲህ ግን ከዚያ ሁሉ ፍሬ ለእሷ የሚሆነው ጥቂት ሆነ። አዲስ አበባ የኩላሊት እጥበት የምታደርግላት ሲስተር የወይንሐረግ በወረቀት ጽፋ ሰጥታዋለች። ሙዝ፣ ብርቱካንና አቮካዶ ፖታሺየማቸው ልብ ሊያቆም ስለሚችል አይሞከሩም። አፕል፣ ወይንና አናናስ በልኩ ይቻላል።

ስለዚህ በየቀኑ መግሪብ ከሰገደ በኋላ ግማሽ አፕል ልጦ፣ በስሱ ቆራርጦ ያቀርብላታል። ውሃ የሚሰጣት ተለክቶ ነው። ያቺን ግማሽ አፕል ከንፈሯ ላይ እያቆየች፣ ቀስ ብላ ነበር የምትጨርሳት።

ታኅሣሥ 2008 በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የተነሳው ተቃውሞ ሰበታ ደረሰ። ሱቆች ተዘጉ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ ዓለም ገና ላይ ድንጋይና የሚነድ ጎማ ሞላው። ማክሰኞ የረምዚያ የእጥበት ቀን ነበር፤ ሳይሄዱ ቀሩ። ረቡዕ ማታ የመጨረሻዋ አፕል አለቀች።

ሱቁና ቤታቸው በአንድ በር ይገናኛሉ። ገዢ ያጣው ሙዝ እየጠቆረ ሽታው መኝታቸው ድረስ መግባት ጀመረ።

"አንድ ጉርሻ ብቻ" አለችው።

"ረምዚ፣ በአላህ።"

"ከቀመስኩ ስምንት ወር እኮ ነው፣ ከድሩ።"

እግሯን ዳበሰላት። እግሯ አብጦ ጣቱ የነካበት ቦታ ጎድጉዶ ይቀራል።

ሐሙስ ከሰዓት ጎረቤታቸው ኦቦ ዲሪርሳ መጡ። "መንገድ የዘጉትን ልጆች እኔ አነጋግራቸዋለሁ፤ ካሳለፉን መኪና ፈልገን እንወስዳታለን" አሉት። አብረው ዓለም ገና ድረስ በእግር ሄዱ። ሽማግሌው በኦሮምኛ ሲያስረዷቸው፣ ፊቱን በነጠላ የሸፈነ ወጣት ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አደረገና "ታማሚ አንከለክልም አባባ፣ ይለፉ" አለ። ሁለት መቶ እርምጃ ሳይሄዱ ግን ወታደሮች አስቆሟቸው።

"ተመለሱ።"

"ታማሚ አለችን፣ ልጄ" አሉ ኦቦ ዲሪርሳ።

"ተመለሱ አልኩ!"

ጀንበር ስትጠልቅ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አፕል ፍለጋ መንገድ ላይ ያንኳኩት ሱቅ ሁሉ አልተከፈተላቸውም። ከድሩ ቤት ሲገባ ረምዚያ ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣለች። ምንጣፉ ላይ ሁለት የሙዝ ልጣጭ አየ።

"በራሴ እግር ሄጄ ነው" አለች። "አትቆጣኝ።"

አልተቆጣም፤ ለሲስተር የወይንሐረግ ደወለ።

"ስንት በላች?"

"ሁለት።"

"አሁኑኑ አምጣት።"

"በየት ላምጣት?"

"እንግዲህ ሌላ ምንም አታቅምሳት" አለችው።

አጠገቧ ተቀምጦ የእጇን ትርታ በጣቱ ያዘ። ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ይጠፋበትና ደግሞ ያገኘዋል። እሱ ማድረግ የሚችለው መያዝ ብቻ ነበር።

አርብ ጎህ ሲቀድ ትርታው ጠፋበት፤ ደግሞ አላገኘውም።

የዚያኑ ቀን ቀበሯት። መንገዱ ዝግ ስለነበር ቡራዩ ያለችው እህቷ ሚንሃ አልደረሰችም። ቅዳሜ መንገድ ሲከፈት ሲስተር የወይንሐረግ ደወለች።

"ሙዙ ነው የገደላት?" አለ ከድሩ።

"እጥበቱም ቀርቶባታል። ይሄ ነው ብዬ ልነግርህ አልችልም።"

ወዲያው ሚንሃ እያለቀሰች ደወለች። "ደከማት ወይ? ማታ ምን ቀመሰች?"

ከድሩ ስልኩን ከጆሮው አወረደው። አጠገቡ የተቀመጡት ኦቦ ዲሪርሳ ስልኩን ከእጁ ወሰዱና "በሰላም ነው ያረፈችው፣ ልጄ፤ ባሏ አጠገቧ ነበር" አሏት።