የአንድ ቃል ፍቺና የአንድ ሰው ዋስ

ሰው ያጣውን ነገር አብዝቶ እንደሚጠራ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የተራበ ስለ እህል፥ የተሰደደ ስለ አገር ይናገራል፤ ስለዚህም አንድ ነገር ብዙ ስም ተሰጥቶት ባየሁ ጊዜ ከባለጠግነታችን ይልቅ ድኽነታችንን አስባለሁ። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ይህን የምለው ጥበብን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም በጥበብ እንጀራ ያደግሁ ነኝና። ነገር ግን በቃላት መካከል ሲኖር አርጅቶ፥ ከቃላቱ አንዲቱን እንኳ ያልኖረባትን ሰው አውቅ ነበር፤ ዛሬ የምተርክልህም የእርሱን ነገር ነው። ቂም ይዘህ ጻፍኸው ብትለኝ አልክድህም።

መምህር ዕንቈ ባሕርይ ቅኔን ከነአገባቡ፥ ትርጓሜን ከነአንድምታው የጠገበ፥ አንደበተ ርቱዕና ልሳነ ጥዑም ሊቅ ነበር። ወንድይፍራው ደግሞ እንግሊዝኛን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ጠንቅቆ የተማረ፥ ደረቱን አስም የሚያስጨንቀው፥ ጭምትና ትሑት ሰው ነበር። ሁለቱ በአንድ መሥሪያ ቤት፥ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው፥ የእንግሊዝኛን ቃል በአማርኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሩ፤ ወንድይፍራው የቃሉን ምስጢር ያስረዳል፥ መምህሩ አቻውን ያወጣል። ከሥራውም በላይ አበልጅ ነበሩ፤ የወንድይፍራውን የበኵር ልጅ ክርስትና ያነሣ ዕንቈ ባሕርይ ነውና። በዐሥራ አንደኛው ዓመት ሥራው ሁሉ ተፈጽሞ፥ መምህሩ ገና አልጠገብሁትም እያለ ሲያሳድረው የኖረ አንድ ቃል ብቻ ቀረ፤ እርሱም «ፍሬንድ» የሚለው ነው።

ይህ በእንግሊዞች አገር ሕፃን እንኳ የሚጠራው ተራ ቃል ነው፤ ለመምህሩ ግን ተራ የሚባል ነገር አልነበረምና ሦስት ሳምንት ሙሉ ቈፈረው። ወዳጅ ልቡን የሚሰጥ ነው፥ ጓደኛ መንገድ የሚጋራ ነው፥ ባልንጀራ በዕድሜና በማዕርግ የሚተካከል ነው፥ ባልደረባ ግን ሥራ ያገናኘው፥ ሥራም የሚለየው ነው እያለ አንዱን ካንዱ ለየ፤ ከግእዙ ዐርክንና ቢጽን አመጣ፤ ምስጢረኛን፥ አብሮ አደግን፥ የክፉ ቀን ደራሽን አከለ፤ ሃያ ሦስት ስም ሞላ። ወንድይፍራው እየሳቀ፥ «ኧረ ዕንቈ፥ እንግሊዞቹ ይህን ሁሉ ወዳጅ ከየት ያመጡታል? በአንድ ቃል የሚኖሩ ምስኪኖች ናቸው እኮ!» ቢለው፥ «እነሱ ይቸገሩ፤ እኛ ምን አጣን!» ብሎ መለሰለት። እንዲያ ያለ ሣቅ በዚያ ክፍል ከዚያ ወዲያ አልተሰማም።

በዚያው ሰሞን በመሥሪያ ቤቱ አለቃ ላይ ስም የለሽ የክስ ጽሑፍ ተበተነ። አጻጻፉ ያማረ ነበርና፥ ወንድይፍራውም ጽሕፈት ዐዋቂ ነበርና፥ ሌላ ማስረጃ ሳይፈለግ ወስደው አሰሩት፤ ጸሐፊው ሌላ ሰው መሆኑ ከዓመት በኋላ ታወቀ፥ ይቅርታ የጠየቀው ግን የለም። ዳኛው፥ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንድ ሰው «ወዳጁ ነኝ፥ ቢጠፋ በእርሱ ፈንታ እታሰራለሁ» ብሎ ዋስ ከሆነው፥ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ እንዲገባ ፈቀደ። የእስር ቤቱ ወለል እርጥብ፥ የበሽተኛው ትንፋሽ አጭር ነበርና ነገሩ የነፍስ ነገር ሆነ። ሚስቱ ወይዘሮ ይመኙሻል ወደ መምህሩ ቤት ሄዳ፥ «አበልጄ፥ ትንፋሽ እያጠረው ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው። ከእርስዎ ሌላ ማን አለን? አንዲት ፊርማ ናት» አለችው። «ምነው ይመኙሻል፥ እንዲህ ያለ ነገር ይለመናል እንዴ? ነገ ጠዋት እፈርማለሁ» ብሎ ሸኛት። ነገው ስምንት ቀን ሆነ።

በዘጠነኛው ቀን፥ ሴትዮዋ ደጅ ስትጠና ያሳዘነችው አንድ መቶ አለቃ የዋስትናውን ወረቀት ይዞ ራሱ ወደ መሥሪያ ቤታችን መጣ። ክስ የተጻፈበት የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ክፍል ትይዩ ነበር፤ በሩም ክፍት ነበር።

«መምህር፥ የአቶ ወንድይፍራው ወዳጅ እርስዎ ነዎት አሉ። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

መምህሩ ብዕሩን አነሣ፤ የተከፈተውን በር አየ፤ ብዕሩን መልሶ አኖረ። «ወዳጅ የሚለው ቃል» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ «ፍቺው ብዙ ነው፤ በጥንቃቄ ካልተያዘ ያሳስታል። ወዳጅ ማለት ልብ ለልብ የተገናኘ ነው፤ እኔና አቶ ወንድይፍራው ግን፥ በትክክለኛው አነጋገር፥ ባልደረቦች ነን።»

«ጌታዬ፥ እኔ ቃሉን አልጠየቅሁም። ይፈርማሉ ወይስ አይፈርሙም?»

«ወረቀቱ ወዳጁ ነኝ ይላልና፥ ያልሆንሁትን ሆንሁ ብዬ ብፈርም ሐሰት ይሆንብኛል።»

ይህን የምጽፍልህ እኔም በጥጉ ጠረጴዛ ተቀምጬ ነበር፤ አንገቴን ደፍቼ ወረቀት አገላበጥሁ እንጂ አንድ ቃል አልተነፈስሁም፤ ስለዚህ በእርሱ ስፈርድ በራሴም እየፈረድሁ ነው። ፋይል ተሸክሞ በበሩ አጠገብ የቆመው ተላላኪ ቢራቱ ግን ሸክሙን መሬት አስቀምጦ፥ «እኔስ አልሆንም ወይ? የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» አለ። መቶ አለቃው «ምንህ ነው?» ቢለው ጥቂት አሰበና፥ «ጠዋት ጠዋት፥ ቢራቱ ልጆችህ እንዴት አደሩ ይለኛል» አለ። ፊደል አልቈጠረምና አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ዐተመ፤ ወንድይፍራውም በዚያው ቀን ተፈታ።

ከወር በኋላ፥ ሳሉ ሳይለቀው፥ ወደ ሥራው ተመለሰ። መምህሩ ተነሥቶ ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ፤ ያልፈረመበትንም ምክንያት ያስረዳው ጀመር፤ እጅግ የተዋበና የተቀነባበረ ምክንያት ነበር። ወንድይፍራው እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰማው፤ ከዚያም ዐሥራ አንድ ዓመት አንተ ሲለው የኖረውን ሰው፥ «ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ መጽሐፉ ሲታተም ስሜን ከስምዎ አጠገብ አያድርጉብኝ» አለው።

«የዐሥራ አንድ ዓመት ድካምህን? ምን ነካህ ወንድይፍራው!»

«ድካሙን ይውሰዱት» አለና ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ።

መጽሐፉ በአንድ ሰው ስም ታተመ። ሊቃውንትና መኳንንት አደነቁት፤ ይልቁንም ስለ «ፍሬንድ» የተጻፈውን ገጽ እየገለጡ፥ ወዳጅነትን እንዲህ የተረዳ ሰው በአገራችን አልተወለደም ይሉ ነበር፤ እኔም በዚያ ጭብጨባ መካከል ቆሜ አፈርሁ፥ ተናደድሁ፥ አጨበጨብሁም። ወንድይፍራው በሦስተኛው ክረምት በዚያው ደረቱ ሞተ፤ መምህሩ ቀብር መጥቶ ከሩቅ ቢቆም ይመኙሻል ቀና ብላ አላየችውም። እርሱ ግን ዓይኑ እስኪፈዝ፥ ጥርሱ እስኪረግፍ ድረስ፥ «አልከዳሁም፥ አልዋሸሁም፥ ቃሉን እንደሚገባው ፈታሁ እንጂ» እያለ ኖረ፤ እውነቱንም ነው፥ ፍቺው አንዲት ነቍጥ ስሕተት አልተገኘበትም። እኔም ከዚያ ሁሉ ዘመን የተማርሁት ይህን ብቻ ነው፤ መሃይም ሲፈራ ይሸሻል፥ ሊቅ ሲፈራ ይተረጕማል።