የማይነካው ሸክም

ቄስ ታምሬ ከግራሩ ሥር ሲወድቁ እንኳ ታቦቱን መሬት አላስነኩትም። በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ደረታቸው ላይ አጥብቀው አቅፈውት በጀርባቸው ተዘረሩ። ወባው ጥርሳቸውን ያንገጫግጨው ነበር።

ከሱዳኑ ገዳሪፍ ሊቀበላቸው የተሻገረው አስናቀው ክው አለ። ሳያስበው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ጨርቁ ጋ ሊደርስ ሲል ደንግጦ ሰበሰበው። ምን ሆኖ! ቄስ አይደለ፣ ዲያቆን አይደለ፤ የሰው ሰሊጥ ሲያጭድ የኖረ የቀን ሠራተኛ። ታቦት የነካ ምእመን ምን እንደሚያገኘው ደግሞ ማንም አልነገረውም፤ አብሮት ያደገ ፍርሃት ነው።

ከፊታቸው ደረቁ ወንዝ ተጋድሟል። ማዶው ሱዳን ነው። ጎህ ሳይቀድ ሊሻገሩ አስበው ትኩሳቱ መንገድ ላይ አስቀራቸው፤ አሁን ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። የደርግ ወታደሮች ወንዙን ተከትለው የሚያስሱበት ሰዓት ደርሷል።

ማዶ ሸጊቱ አለች። ከስደቱ በፊት የታጨችለት ሸጊቱ፣ «ያለ ሥጋ ወደሙ ጎጆህ አልገባም» ብላ ስንት ክረምት ያስጠበቀችው ሸጊቱ። ስደተኞቹ በካምፓቸው ውስጥ የሣር ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል፤ ታቦት ግን የለውም፤ ታቦት ከሌለ ቅዳሴ የለም፣ ቁርባንም የለም። ሀዋታ እርሻ ላይ አብረውት የሚያጭዱት «አስናቀው፣ ሙሽራይቱን በምርኩዝ ልታስወጣት ነው?» እያሉ ሲያላግጡበት ይስቃል። «እሱ በፈቀደው ቀን» ይላል። ብቻውን ሲሆን ግን ያለፉትን ክረምቶች ይቆጥራል።

ቄስ ታምሬ ጦርነቱ መንደሩን ከበተነው ወዲህ ታቦቱን ዋሻ ውስጥ ሸሽገው ኖረዋል። አሁን ለካምፑ ሊያደርሱት ተነሡ፤ ይኸው እዚህ ደርሶ!

«ይህን ያህል አስጠብቀኸኝ፣ እዚህ?» አለ አስናቀው በልቡ፤ ፈጣሪውን ተቀየመው። ታቦቱ ጨርቅ ለብሷል እኮ። ማን ያየኛል? አፈፍ አድርጎ ቢሮጥ ለመሻገር ምንም አይቀረው። ግን ነገ በምን ፊቱ ሊቆርብ ነው?

«ልጄ፣ አንተ ሂድ» አሉ ቄስ ታምሬ። «ሲለቀኝ እመጣለሁ።»

«ወታደሮቹስ፣ አባ?»

ከሩቅ የመኪና ድምፅ ተሰማ።

«አባ፣ እርስዎ ታቦቱን በጀርባዎ ይሰሩት። እኔ እርስዎን አዝላለሁ።»

ሽማግሌው ተነሥተው ተቀመጡ። መቀነታቸውን ፈተው ታቦቱን በጀርባቸው አዙረው ያስሩ ጀመር። ጣቶቻቸው አልታዘዝ አሉ። ቋጠሮው ላላ። እንደገና ጀመሩ፤ አሁንም ተፈታ። አቤት መከራ! ስንቱን ነዶ ሲያስር የኖረው አስናቀው፣ ባንድ አፍታ ጥብቅ አድርጎ የሚቋጥረው አስናቀው፣ እጆቹን ብብቱ ሥር ወትፎ ይመለከታል። የመኪናው ድምፅ ቀረበ።

«በብብትዎ ሥር ያሳልፉት፣ አባ... ቀስ ብለው።» እንባው ይወርዳል። «ቀስ ብለው፤ እጠብቃለሁ።»

በመጨረሻ ቋጠሮው ያዘ። አስናቀው ጎንበስ ብሎ አዘላቸውና ወደ አሸዋው ወረደ። መሮጥ ፈራ፤ ቢወድቅስ? ከኋላው «ቁም!» የሚል ጩኸት መጣ፤ ቀጥሎ ጥይት ጮኸ። ዞር አላለም። እግሩ የማዶውን ዳገት ሲረግጥ እንኳ ማመን አቃተው።

ሸጊቱ ከቁጥቋጦው ወጥታ ለታቦቱ በግንባሯ መሬት ላይ ተደፋች። ቀና ስትል የቄሱ ጭንቅላት በአስናቀው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ አየች።

«ምነው? አውርዳቸው እንጂ!»

«ታቦት እኮ መንገድ ላይ አይወርድም።»

ለሠርጓ ስታስቀምጠው የኖረችውን ጥልፍ ነጠላ ነበር ለታቦቱ ክብር የለበሰችው። ከትከሻዋ ገፈፈችና አቧራው ላይ ዘርግታ አነጠፈችለት።

«እርገጠው» አለች።

አስናቀው ግን አልተንቀሳቀሰም። «አባ?» አለ። ትንፋሹን ውጦ አዳመጠ። ቆየ። ማጅራቱ ላይ አንዲት ትኩስ ትንፋሽ አረፈች።

እግሩን ወደ ነጠላው አነሣ።