ከዜሮ የሚቆጥር ቋንቋ

ቅጹ አጭር ነበር። «የአካዳሚክና የፕሮግራሚንግ ዳራዎን ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ይግለጹ፤ ከጻፉት ኮድም ናሙና ያያይዙ።» የሥራ ውሌ ሊያበቃ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ቅጹ ካልገባ አይታደስም።

ስለ ራሴ መጻፍ ያሳፍረኛል። ስለዚህ የሆነውን ብቻ በቅደም ተከተል አሰፈርኩ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ሒሳብ ነው። ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት ከሃያ ኮምፒውተሮች አሥራ አንዱ ብቻ በሚሠሩበት ክፍል ውስጥ፣ ለሁለት አንድ ወንበር ተጋርተን ነው። ያ የመጀመሪያው የፕሮግራም ቋንቋዬ ማንኛውንም ዝርዝር ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል፤ እንደ ሰው። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሥነ ሕይወት ስሻገር ሌላ ቋንቋ ተማርኩ። እሱ ከዜሮ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ዜሮ፣ ሁለተኛው አንድ። «በሳምንት ትለምደዋለህ» አሉኝ፤ የለመድኩትም መስሎኝ ነበር። አሁን ያለሁበት ላብራቶሪ ውስጥ የተቀጠርኩ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ የአለቃችንን አሮጌ ሞዴል ከመጀመሪያው ቋንቋ ወደ ሁለተኛው መገልበጥ ነው።

ሞዴሉ በታመመ ሴል ውስጥ አርባ አንድ ፕሮቲኖች እርስ በርስ እንዴት እንደሚነጋገሩ በሒሳብ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ ፕሮቲን የራሱ የፍጥነት ቁጥር አለው። ገልብጬ ሳስኬደው፣ አሥራ ሰባተኛው ፕሮቲን ከተዘጋ የታመመው ሴል በሦስተኛው ቀን ይሞታል አለን። በዚያ ውጤት ሦስተኛ ዲግሪዬን ያዝኩ።

ለናሙና የሚሆን ንጹሕ ቦታ ስፈልግ ያንን ኮድ ከፈትኩ። መስመር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቆምኩ። ቁጥሮቹን ከዝርዝሩ ማንሳት የጀመርኩት ከአንድ ነው። ከዜሮ በሚቆጥር ቋንቋ ደግሞ አንድ ማለት ሁለተኛው ነው። ፕሮቲኖቹ በሙሉ የጎረቤታቸውን ቁጥር ተሸክመው ነበር። ያኔ ለአርባ አንደኛው የሚሆን ቁጥር ሲጠፋ ማሽኑ «ስህተት» ብሎኝ እንደነበር አስታወስኩ። አንድ የግምት ቁጥር ጨምሬ ዝም አሰኝቼዋለሁ። ከጎኑ «ለጊዜው» ብዬ ጽፌያለሁ። ስድስት ዓመት ሆነው።

ወዲያው የታየችኝ እጀ ሰባራ ናት።

እጀ ሰባራ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪያችን ነበረች። ሥራዋ ሞዴሉ ያለውን በእውነተኛ ሴል ማሳየት ነበር፤ አሥራ ሰባተኛውን መዝጋት፣ ሦስት ቀን መጠበቅ፣ የሞቱትን መቁጠር። ሴሎቹ አልሞቱም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ አልሞቱም። መድኃኒቱን ቀየረች፣ ፈሳሽ የምትለካባቸውን ፒፔቶች ቀየረች፣ ጓንት በጓንት ላይ ደረበች። አለቃችን «ቁጥሩ ግልጽ ነው፤ የሚሳሳተው እጅ ነው» ይል ነበር። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ከሴል ክፍሉ ስትወጣ አይቼ «እጀ ሰባራ መጣች» አልኩ። ስብሰባ ላይ እንኳ አፌን የማልከፍት ሰው ቀልድ ስናገር የመጀመሪያዬ ስለነበር ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች።

አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ እባክህ ቁጥሮቹን አንዴ ታይልኛለህ? ምናልባት ከላይ የሆነ ነገር ቢኖር...»

«አይቻቸዋለሁ» አልኳት።

አላየኋቸውም ነበር። ውጤት አልባ ተብላ ከተሰናበተች አሥራ አራት ወር ሆኗታል።

የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ፊት ለፊት ያለው ክፍል የእሷ የስፌት መኪና፣ የኋለኛው የእኔ አልጋ ነው። ያን ቀን ገና በጠራራ ፀሐይ ገባሁ።

«ምነው ፊትህ? ሰው ሞተ እንዴ?»

ነገርኳት። ኮቱን ከመርፌው ሥር ሳታወጣ አዳመጠችኝ።

«ጫፉ የተቆረጠ ሜትር ማለት ነው» አለች። «የለካኸው ሁሉ በዚያችው ይስታል።»

«አዎ፣ እታለም።»

«እና ልብሱ የጠበባትን ሴትዮ፣ ወፍረሻል ብለህ መለስካት?»

መሬት የወደቀውን የጨርቅ ቁራጭ አነሳሁ።

«ተነስ ሂድና ንገራት።»

«መጀመሪያ የሚስተካከለውን ላስተካክል። ባዶ እጄን ምን ብዬ እሄዳለሁ?»

«አዬ አንተ!» አለች መኪናዋን እያስነሳች። «ከልጅነትህ ጀምሮ ይቅርታ ለመጠየቅ ስጦታ ስትፈልግ ነው የሚመሽብህ።»

በማግሥቱ ለአለቃችን አሳየሁት። በሩን ዘጋ። መነጽሩን አውልቆ መስመሩን ደጋግሞ አነበበ። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«አስተካክለህ አስኬድከው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ምን ይላል?»

«አሥራ ሰባተኛው ቢዘጋም ሴሉ ይኖራል ይላል።»

«ስለዚህ የእሷ የሴል ሳህኖች...»

«ሁሉም ትክክል ነበሩ።»

ፊቱ በራ። «ይሄ እኮ ትልቅ ነገር ነው! የተስተካከለውን ሞዴል የሚያረጋግጥ የሁለት ዓመት መረጃ በእጃችን አለ ማለት ነው። ወንድሜ፣ የሚታተም ጽሑፍ ነው ይሄ!»

«እሷስ?»

«እሷማ...» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «የይግባኝ ጊዜ አንድ ዓመት ነው፤ አልፏታል። ለማንኛውም የተማሪውንም የውሉንም ጉዳይ ለሚያየው ኮሚቴ ጻፍ፤ እኔም እፈርማለሁ። ጽሑፉ የምስጋና ክፍል ላይም ስሟን እናስገባለን።»

አራት ገጽ ጻፍኩ፤ ቅጹንም አብሬ አስገባሁ። «አይቻቸዋለሁ» ብዬ መዋሸቴን ጻፍኩ። እህቴ በየቀኑ «ነገርካት?» ትለኛለች፤ እኔ «መልሱ ይምጣ» እላታለሁ። ትመለሻለሽ የሚል ወረቀት ይዤ መሄድ ፈልጌ ነው።

መልሱ በዘጠነኛው ቀን መጣ፤ ሁለት አንቀጽ። የመጀመሪያው ስለ ሳይንሳዊ ሐቀኝነቴ ያመሰግነኝና ውሌ ለሁለት ዓመት መታደሱን ይገልጻል። ሁለተኛው፣ የቀድሞዋ ተማሪ የይግባኝ ጊዜ ስላለፈና ቦታዋም ለሌላ ስለተሰጠ ጉዳዩ መዘጋቱን ይገልጻል።

የቀድሞዋ ተማሪያችን አሁን የምትሠራው አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ስልክ ትቀበላለች። ዕረፍቷ አሥራ አምስት ደቂቃ ስለሆነ ደረጃው ላይ ቆመን አወራን። የጆሮ ማዳመጫው አንገቷ ላይ ነበር።

«ጋሼ! አንተም ፀሐይ ትሞቃለህ ለካ!»

ነገርኳት። ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ።

«ያኔ ስጠይቅህ አይተኸው ነበር?»

«አላየሁም።»

«አይቻለሁ ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ዋሸሁሽ።»

መዳፏን አየች፤ ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን። «እዚህ የገባሁት እጅ የማይፈልግ ሥራ ነው ብዬ ነው» አለች። «ቤት እንኳ ብርጭቆ አላነሳም፤ ይወድቅብኛል እያልኩ።»

ደብዳቤውን ሰጠኋት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ዓይኗ ቆየ። አጣጥፋ ኪሷ ከተተችውና ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«አባዬ፣ ከላብራቶሪው አንድ ሰው እዚህ አለ፤ ያነጋግርህ።» ስልኩን ዘረጋችልኝ። «ሰንፌ የተባረርኩ ነው የሚመስለው። እኔ ብነግረው አያምነኝም። አንተ ንገረው።»

አባቷ አናጢ ናቸው። ከኋላቸው የመጋዝ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቆመ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አባባ። ልጅዎ ምንም አላጠፋችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የሰጠኋት ቁጥር ስህተት ነበር፤ እሷ የሠራችው ሁሉ ትክክል ነው።»

«እሰይ!» አሉ። «እሰይ የኔ ልጅ! እኔ እኮ ሰነፈች ብዬ ስንቱን ተናገርኳት! አንጀቴን አራስከው፣ እግዜር ይስጥህ።» ከዚያ ወደ ቤት ውስጥ ተጣሩ። «አንቺ፣ ነይ ስሚ! ልጅቷ አላጠፋችም!» ወደ እኔ ሲመለሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። «ታዲያ መቼ ነው የምትመለሰው?»

«አትመለስም፣ አባባ። ጊዜው አልፏል አሉ።»



«አንተስ? አስወጡህ?»

«እኔ... አለሁ። እዚያው ነኝ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የምትነግረኝ?»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የጠየቁኝ ማወቅ ፈልገው ነው። የምለውን ስፈልግ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«አባዬ፣ በኋላ እደውልልሃለሁ።»

ዕረፍቷ አልቆ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ድምፅዋን ሰማሁት።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልታዘዝ?»