ጣት የሚችለው ድንች

የገና በዓል ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ ሳይያ ጠዋት መጥታ ባለቤቴን ታይስቶን ሚዛን ላይ አቆመችውና ቁጥሩን መዘገበች። ከዚያ እኔን ወደ ኮሪደሩ ወሰደችኝ።

«እማማ ቪየኖ፣ አባባ ታይስቶ በሁለት ሳምንት ሦስት ኪሎ ቀንሰዋል። እርስዎም ቢሆኑ ቆመው ነው የሚያንቀላፉት። አሥር ሰዓት ላይ ተመልሼ እመጣለሁ። እስከዚያ እሳቸው ምንም ካልቀመሱ ሆስፒታል ደውዬ አልጋ አስይዝላቸዋለሁ።»

ልጆቼ፣ እዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ የተመለሰ የሰፈራችን ሽማግሌ አላውቅም።

ታይስቶ ሰው መርሳት ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እኔን ቪየኖን እንኳ አንዳንዴ አያውቀኝም። አሁን ደግሞ መብላትንም ረሳ። ማንኪያ ሳቀርብለት ከንፈሩን ግጥም ያደርጋል። ያልሞከርኩት አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እናቱ ለገና ትሠራው የነበረው ድንች። እኛ የሃሜ አገር ሰዎች ይህን ድንች ያለ ስኳር ነው የምናጣፍጠው። ተቀቅሎ ይደቃል፣ የስንዴ ዱቄት ይገባበታል፣ ተሸፋፍኖ ምድጃ ጥግ ለሰዓታት ይቀመጣል። በሙቀቱ ብቻ ራሱ እየላላ፣ ራሱ እየጣፈጠ ይመጣል። ከዚያ ወተትና ቅቤ ተጨምሮበት በሸክላ ሳህን ቀስ ብሎ ይጋገራል። ስኳር የጨመረች ሴት እስከ ፋሲካ ስትታማ ትከርማለች።

ይህንን ሳልነግራት አልቀረሁም መሰለኝ፣ ሳይያ ስትወጣ ሳቅ ብላ «ምን ቸገረዎት፣ የስኳር ሽሮፕ ጠብ ያድርጉበት!» አለችኝ።

ድንቹን ላጥኩ፣ ቀቀልኩ፣ አደቀቅኩ። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም፤ እጄ የራሴ አይመስለኝም። እንፋሎቱ ፊቴን እየገረፈኝ ዱቄቱን ገለበጥኩበት። ማሰሮውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ምድጃው አጠገብ አኖርኩት።

ስድስት ሰዓት ላይ ገልጬ ቀመስኩ። እንደ ጭቃ ጥጥር ብሏል፤ ጣዕሙም ዱቄት ዱቄት ይላል። ያን ጊዜ ነው ጥፋቴ የታወቀኝ። እንጨት ማስቀመጫው ሳጥን ላይ ቁጭ አልኩ። አላለቀስኩም፤ ማልቀስም ጉልበት ይፈልጋል። እንደ አዲስ ልልጥ ብል ድንችም የለኝ፣ አቅምም የለኝ። ተነስቼ ሽሮፑን ከቁም ሳጥን አወጣሁና ክዳኑን ከፈትኩ።

«አንቺ ሴትዮ! ምን ልታፈሺበት ነው?»

ታይስቶ ነው። ድምፁን ከሰማሁ ሳምንት አልፎኝ ነበር።

«ሽሮፕ።»

«ከተሜ ነሽ እንዴ?»

«ሃምሳ ዓመት አብሬህ የኖርኩ ነኝ።»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን ካልተማርሽ ምን ስትሠሪ ነበር?» አለና ግድግዳውን እየተደገፈ መጣ። ትንሿን ጣቱን ማሰሮው ውስጥ ነከራት። «ዱቄቱን በትኩሱ ጨመርሽበት። ገደልሽው! እናቴ ብታይሽ በማማሰያ ነበር የምትልሽ።»

«እናትህማ በማማሰያ ብላኛለች። በተጋባን በመጀመሪያው ገና።»

«እሰይ!» አለ። «አሁን በርዷል፤ ጣት ይችለዋል። ጣት ሲችለው ነው ዱቄት የሚገባው። አንድ እፍኝ ጨምሪ።»

ጨመርኩ። እሱ አማሰለ። ስንጠቀልለው ብርድ ልብሱን ከእጄ ነጥቆ ራሱ አሰረው፤ ከዚያ አጠገቡ ተቀምጦ እጁን ላዩ ላይ አሳረፈ።

«ትንሽ ጋደም በል እንጂ» ስለው፣ «ዝም በይ፤ እየጣፈጠ ነው» አለኝ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ሳይጠይቀኝ ገለጠው። ድንቹ ላልቶ ልስልስ ብሏል። ገና ሳይጋገር፣ ገና ወተት ሳይነካው፣ ማንኪያውን አነሳ። ልጅ ሳለ እንዲህ ከማሰሮው እየሰረቀ ሲበላ እናቱ ታባርረው እንደነበር ስንት ጊዜ አጫውቶኛል። እኔ አላባረርኩትም። አንድ ማንኪያ። ሁለት። አምስት።

ሳይያ በረዶዋን እያራገፈች ስትገባ አገጩ ሁሉ ድንች ነበር።

«አባባ ታይስቶ! ለእኔስ?»

«እጅ የለሽም? ለራስሽ ሥሪ!»

ሳይያ እኔን አየችኝ። ሚዛኑን ከቦርሳዋ ሳታወጣ ቦርሳውን መልሳ ዘጋችው። «እንግዲህ ከገና በኋላ እንመዝናቸዋለን» አለችና ወጣች።

የተረፈው የሳህኑን ታች ለመሸፈን ያህል ነው። በወተት አቀጥኜ፣ ቅቤና ጨው ጨምሬ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ዓይኔ በራሱ ተከደነ።

«ሴትዮ» አለኝ ታይስቶ፣ ዝግ ብሎ፣ «ሁሉንም እንዳትሰጪኝ። ለቪየኖ አስቀምጪላት። ደክሟታል።»

«እሺ፣ አስቀምጥላታለሁ» አልኩት።