የማክሰኞው መልስ

እኔ አማች ነኝ። አማች መኪና ይነዳል፣ ወንበር ያቀርባል እንጂ ሐሳብ አይሰጥም። ስለዚህ ባለቤቴ አባቷን ሐኪም ለሚሰጣቸው የማስታወስ ፈተና ስታስጠና አፌን ዘግቼ አየሁ።

አማቼ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ ናቸው። የፓርኪንሰን በሽታ እጃቸውን ማንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። ዘንድሮ ደግሞ ሐሳባቸውም መንገድ ላይ ይቀር ጀመር። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ሳይሾም ስለሚፈርድ «ዳኛው» የምንለው፣ ቁርጡን ነገራት።

«ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ካለ አባዬ ወደ እኔ ይመጣል። ያንቺ ቤት ቀን ቀን ሰው የለበትም።»

የእሱ ቤት የአንድ ቀን መንገድ ነው። እሷ ደግሞ አባቷን የምትለቅ አይደለችም። ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ትጀምራለች።

«አባዬ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድነው?»

«ደክሞሻል፤ ቁጭ በይ።»

«ማክሰኞ በል።»

«እሑድ አይደል እንዴ?»

«ፈተናው ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ በል።»

«እሺ፣ ማክሰኞ።»

ሰኞ ከሆስፒታሉ ተደወለ። የጭንቅላት ምስል የሚያነሳው ማሽን ስለተበላሸ ሐሙስ ኑ ተባልን። እሺ አልን። እንቅልፍ ካየን ስለቆየን ከእሺ ያለፈ ያሰበ አልነበረም።

ሐሙስ ማሽኑ ውስጥ አስተኟቸው። «ምንም አይሥሩ፤ ግን እንቅልፍ እንዳይወስድዎ» አሏቸው።

«ለዚህም ደመወዝ አለው?» አሉ አማቼ።

ከዚያ ሐኪሙ ክፍል ገባን። ዳኛውም ቀድሞን ተቀምጧል።

«አባባ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ማክሰኞ!» አሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ባለቤቴ ዓይኗን ጨፈነች። ሰዓት ይሳሉ ሲባሉ ደግሞ ቁጥሮቹን በሙሉ አንድ ጎን ላይ አጨናነቋቸው። ይሄንን አላስጠናቻቸውም።

«ምስሉ ለጥናታችን ነው፤ ብቻውን አይፈርድም» አለ ሐኪሙ። «ግን ፈተናውም የምትነግሩኝም የመርሳት በሽታ መሆኑን ያሳያል። የአንጎል ክፍሎች አሉ፤ እርስ በርስ መላላካቸው ነው የሳሳው። አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይዘገያል ወይ ጭራሽ አይመልስም። ቀን ብቻቸውን ባይሆኑ ይሻላል።»

«አውቶቡሱ አለ፣ ስምሪቱ ተበላሽቷል በለኛ» አሉ አማቼ።

«እንደዚያ ይመስላል አባባ።»

«ተረኛው ማነው?»

ዳኛው ከወንበሩ ተነሣ።

ኮሪደር ላይ ስንወጣ አማቼ የባለቤቴን እጅጌ ያዙ።

«ሐሙስ መሆኑንማ አውቄ ነበር። አንቺ ማክሰኞ በል እያልሽ ስትደክሚ ከረምሽ፤ እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው።»

ዳኛው ሳቀ። «በል እንግዲህ! ይሄስ ምን ይባላል?»

ፊት ለፊታችን ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ከእሱ አይተው ይሁን ከመጀመሪያው አውቀው፣ እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም። ባለቤቴ ወደ ሐኪሙ በር ዞረች። እንደገና ይፈተን ልትል እጀታውን ያዘችው። ለቀቀችውና አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች።

«በር ላይ ሲደርስ እግሩ ተተክሎ ይቀራል» አለች ለወንድሟ። «እንዳትጎትተው። አንድ፣ ሁለት በልለት፤ ራሱ ይራመዳል።»

«እሺ» አለ ዳኛው። ሳይከራከር እሺ ሲል የመጀመሪያው ነው።

«የሚሄደው ማነው?» አሉ አማቼ።

«አንተ ነህ፣ አባዬ። ከሱ ጋር።»

«አንቺስ?»

«ሥራ አለብኝ።»

ቁልቁል አዩዋት።

«ታዲያ ምን አስቀመጠሽ? ይረፍድብሻል እኮ።»